ሰው አልሞተም! አንድ ሳምንት በኮልፌ ወንዝ ዳር

ሰኞ

ይህን ጉዞ የተጓዝኩት በደርግ ዘመን፣ ሁላችንም ጓድ፣ ሥራው ሁሉ ዘመቻ በሚባልበት ጊዜ ነው። ግንቦት እያለቀ፣ ሰማዩም ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ያኔ ደብረ ዘይት ጤና ረዳት ነበርኩ። አለቃዬ አስጠሩኝና አንድ ጥቅል ወረቀት አስታቀፉኝ። «ኮልፌ ሄደሽ የአንድ ቀበሌ በጎ ፈቃደኞችን ስለ አደጋ መከላከል ታሠለጥኛለሽ። ሠላሳ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ገምጋሚ ይመጣል። ምልክት ሲሰጥ የሰፈሩ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ መሣሪያ ይዞ ከወጣ የእጅ ፓምፕ፣ ገመድና የመድኃኒት ሣጥን ከክረምቱ በፊት ይሰጣቸዋል። ካልወጣ ዕቃው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል» አሉኝ።

«ለሁለቱም አይሰጥም?»

«ያለው አንድ ነው። አትከራከሪኝ!»

እኔ ሳልከራከር የዋልኩ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚያን ዕለት ግን ዝም ብዬ ሻንጣዬን አሰናዳሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥቅሉን ገለጥ አደረግሁት። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲወዛወዝና ፈረንጆች ጠረጴዛ ሥር ሲደበቁ የሚያሳይ ሥዕል ነው። አጠገቤ የተቀመጠው፣ ሁለት ዶሮ በጉያው የያዘ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ «እህቴ፣ ይሄ የት አገር ነው?» አለኝ።

«ኮልፌ» አልኩት።

እስከ ቃሊቲ ድረስ ሳቀ። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን አብሬው ሳቅኩ።

መርካቶ፣ አውቶብስ ተራ ስንወርድ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ኮልፌ ከሆነ ጦር ኃይሎች ነው የሚቀርብሽ» ብሎ በከተማ አውቶብስ አሳፈረኝ። ጦር ኃይሎች ወርጄ መንገድ ስጠይቅ አንዲት ባለ ሱቅ እጇን አጨብጭባ «ከመርካቶ ቀጥ ብለሽ ትመጪ ነበር እኮ! ማን ነው ያዞረሽ?» አለችኝ። እዚያው ውይይት ታክሲ ውስጥ ተጋፍቼ ገባሁ። ፊት ለፊት ተያይተን፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን፣ የማላውቃቸው ሰዎች ስለ ጤፍ ዋጋ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደረስኩ። አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ በዳቦ በላሁና ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወስደውን የኮረኮንች መንገድ ያዝኩ።

ያረፍኩት እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ ከከፋ አካባቢ መጥተው ኮልፌ ገበያ ኮረሪማና ማር በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ወፈር ያሉና ቀልድ የሚወዱ ሴት ናቸው። ከበጎ ፈቃደኞቹም አንዷ እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ከወንዙ የሠላሳ እርምጃ ያህል ነው የሚርቀው። ገና ስገባ ግድግዳው ላይ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ የተሰመረ ቡናማ መስመር አየሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያለፈው ክረምት ነዋ! ውኃው እዚያ ድረስ ነበር። እኔ የኮረሪማ ጆንያዬን አቅፌ አልጋ ላይ ቆሜ አደርኩ። ዘንድሮ ከመጣ ግድግዳው አይችልም፤ ጭቃው ከሥሩ ተበልቷል። ነይ፣ ነክተሽ እዪው።»

ብነካው በእጄ ተፈረፈረ። እትዬ አስካለ እየሳቁ ነበር ያሳዩኝ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ደግሞ በመስኮት ወደ ጎረቤት ቤት እያመለከቱ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ እታገኝ ከሁለት ዓመት በፊት የድንጋይ ግንብ እንዳሠሩ፣ ግንቡም ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ገፍቶ ወደ እሳቸው ቤት እንደሚልከው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። «በአንድ ቧንቧ እየቀዳን ደህና አደርሽ አንባባልም» አሉኝ።

ማክሰኞ እና ረቡዕ

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሠላሳው ሰው ከኋላ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ስብሰባ መስሏቸዋል። ስብሰባ ሲሆን ደግሞ የኋላው ወንበር ለማንቀላፋት ይመቻል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሽፈራው ረጅም መክፈቻ ንግግር አደረጉና «አሁን ጓድ ሲስተር ይቀጥላሉ» አሉ። ሲስተር አይደለሁም ብልም የሚሰማኝ አላገኘሁም፤ ሳምንቱን በሙሉ ሲስተር ሆኜ ዋልኩ።

የፎቁን ሥዕል ግድግዳ ላይ ስሰቅል አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ሲስተር፣ ጠረጴዛ የሌለው ሰው ምን ሥር ይግባ?» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥዕሉን ጠቅልዬ ጥግ አቆምኩትና «እሺ፣ እናንተ ንገሩኝ። እዚህ ሰፈር የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» አልኩ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው! ወንዙ፣ የቡታ ጋዝ እሳት፣ መኪና የማያስገባው ጠባብ መንገድ፣ የተበላ የኤሌክትሪክ ምሰሶ። ያን ጊዜ ነው ሥልጠናው የተጀመረው።

ሁለቱን ቀን እንደ ልጆች ስንጫወት ዋልን። ክንድ በነጠላ አሠርን፣ በሁለት የድንኳን ቋሚና በጆንያ ቃሬዛ ሠራን። ቃሬዛው ላይ መጀመሪያ እኔን አስተኝተው ጣሉኝ፤ ቀጥለው ጓድ ሽፈራውን ጣሏቸው። እሳቸው ሲወድቁ የተሳቀው ሳቅ የእኔን እጥፍ ነበር።

አንድ ችግር ግን ቀረ። ሰፈሩን በምን እንጥራው? ጓድ ሽፈራው ጣሪያው ላይ ወደ ተሰቀለው ሞንታርቦ አመለከቱ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ደፈሩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አይቆጡኝና በእሱ ድምፅ የሚወጣ ሰው የለም። እሱ ለስብሰባ ሲጮህ እኔ ራሴ ወገቤን ያመኛል።» ጓድ ሽፈራው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ ቀስ ብለው «እውነት ነው፤ ባለቤቴንም ያማታል» አሉ።

ሰፈሩን አንድ ሰው ሳይቀር የሚያወጣ ድምፅ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እሱም የእድሩ ጡሩምባ ነው። ጡሩምባውን የሚነፉት ጋሽ ደምሴ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ቁጥብ ሽማግሌ። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስም ይጠራሉ። ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ሄደን ለመንናቸው። ብዙ አሰቡና «ለሰው ነፍስ ከሆነ እሺ» አሉ።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት

አይ እኔ! የሐሙሱን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ከመሥሪያ ቤት በተሰጠኝ መመሪያ ላይ «የመጀመሪያው ልምምድ ድንገተኛ ይሁን» ይላል። እኔም ለሠላሳዎቹ ብቻ ነግሬ ለሰፈሩ ሰው ሳልናገር ቀረሁ። እትዬ አስካለን ተጎጂ አድርጌ በራቸው ላይ አስተኛኋቸው። ጭንቅላታቸውን ጠቀለልንና እንዳይበርዳቸው ጋቢ አለበስናቸው። «እትዬ፣ ራስዎን ስተዋል። ምንም ቢመጣ አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

«እንደ ድንጋይ ነው የምሆነው» አሉ። እውነትም ሆኑ። ዝንብ ስላስቸገራቸው ብቻ ጋቢውን ቀስ አድርገው ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ጋሽ ደምሴን ደግሞ «የአደጋውን ቦታ ይጥሩ» ብያቸው ነበር። ጡሩምባቸውን በረጅሙ ነፉና እንደ ልማዳቸው በቀስታ እየተራመዱ «ወይዘሮ አስካለ ቤት! ወይዘሮ አስካለ ቤት!» አሉ።

ባልዲ ይዞ የመጣ አንድም ሰው የለም። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ የእድሩን ድንኳን ተሸክሞ፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ይዞ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። የተጠቀለለውን ጭንቅላትና ፊት ድረስ የተሸፈነውን ጋቢ ሲያዩ ለቅሶው ቀለጠ። እኔ «ኧረ አልሞቱም! ልምምድ ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? እንዲያውም አንዲት ሴትዮ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ልቅሶ ያወጣልሻል» ብላ አቀፈችኝ።

ከዚያ ወይዘሮ እታገኝ ሰውን በክንዳቸው እየገፉ መጡ። እትዬ አስካለ እግር ሥር ወደቁ። «አስኬ! አስኬ እህቴ! ሳልታረቅሽ! በዚያ ድንጋይ ምክንያት! ላፈርሰው ነበር እኮ፣ እልህ ይዞኝ ነው፣ አፈርሰዋለሁ ብዬ ስንት ቀን አሰብኩ!»

ከጋቢው ሥር ድምፅ ወጣ። «መቼ?»

አንድ አግዳሚ የተሸከመ ሰውዬ አግዳሚውን ጥሎ ሮጠ። እትዬ አስካለ ጋቢውን ገለጡና ቀና ብለው ተቀመጡ። «መቼ ነው የምታፈርሺው? ክረምቱ ደርሷል።»

ወይዘሮ እታገኝ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው በጥፊ ሊመቷቸው እጃቸውን አነሱ፤ መጨረሻ ላይ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። «ነገ! ነገ አፈርሰዋለሁ፣ አንቺ ጉደኛ!» ለቅሶው ወደ ሳቅ ዞረ። ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዓቴን ሳይ አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድስት ተጥዷል፣ የቀረውም ሰው በእድሩ መዝገብ ስሙ ተለይቷል። እኔ ላስተምራቸው የመጣሁትን ሁሉ ያውቁታል። ሲጠሩ ግን የሚያውቁት አንድ ምክንያት ብቻ ነው።

ያልሳቁት ጋሽ ደምሴ ብቻ ናቸው። ጡሩምባቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው «ሃያ ዓመት ሙሉ ይቺ ጡሩምባ ዋሽታ አታውቅም» አሉኝና ሄዱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዓርብ

ጠዋት በዶማ ድምፅ ነቃሁ። የወይዘሮ እታገኝ ባል ግንቡን እየናዱት ነው። ሚስታቸው አጠገባቸው ቆመው «ሰፋ አድርገው! ለአስኬ ጎርፍ ይሄ አይበቃውም!» እያሉ ያዛሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ ዳቦና ማር አቅርበው ከወዲህ በኩል ያዛሉ። በሁለት ሴቶች ትእዛዝ መሐል የተያዙት ሰውዬ ቀና ብለው «ሲስተር፣ የአደጋ መከላከል ማለት ይሄ ነው?» አሉኝ። ሠላሳው በጎ ፈቃደኛ መጥቶ ከተከፈተው ግንብ እስከ ወንዙ ድረስ ቦይ ቆፈረ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ቆፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ከወንዙ ከፍ ያለች፣ ከደጃፏ ሰፈሩ ሁሉ የሚታይባት ትንሽ ቤት ናት። ወንበር ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ ግን የቆየ ነገር ነው ያስከፋኝ። በጠዋት ስወጣ ሰላም የሚለኝ የለም። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ልጆቹ አጥር ዘለው ይሸሻሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለደግ ነገር መጥቼባቸው አላውቅም። ሰው ያመነኝ ስለማልዋሽ ብቻ ነበር። ትናንት እሱንም አጣሁት።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። «ሰው ሳይሞት በፊት ቢነፉላቸውስ? እውነተኛ ሲሆን?» አልኳቸው።

«ለእውነት ከሆነ እነፋለሁ። ለልምምድና ለገምጋሚ ግን አልነፋም።» ቢሆንም ለእውነቱ ቀን ተስማማን። ለሞት በረጅሙ አንድ ጊዜ፤ ለአደጋ በአጭር በአጭሩ ሦስት ጊዜ። የሰው ስም አይጠራም። «ደግሞ ጋሼ፣ ይሮጣሉ» አልኩ። «እርስዎ ሲሮጡ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ያየዎት ሁሉ ይገባዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ። ማታውን ሠላሳዎቹ አዲሱን ምልክት ቤት ለቤት እየዞሩ ለሰፈሩ ነገሩ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ገምጋሚው ኮት የለበሱ፣ ጥቁር ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ናቸው። ከአዳራሹ በር ላይ ቆመው «ምልክቱ ይሰጥ» አሉ። ጋሽ ደምሴ ስለሌሉ ሞንታርቦው ተከፈተ። ጓድ ሽፈራው ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጠሩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከሠላሳዎቹ ሌላ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከእነሱም አንዷ የስኳር ራሽን መስሏት ከረጢት ይዛ ነው።

ገምጋሚው ጽፈው ፋይላቸውን ዘጉ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው ክንዴን ያዙኝ። ቀልደኛዋ ሴት ዕንባ ሞልቶባቸዋል። «በቃ፣ ዘንድሮም አልጋ ላይ ልቆም ነው» አሉ። ገምጋሚውን «ትንሽ ይቆዩ» ብዬ ልከራከር ስል ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ ጣሪያውን ሲደበድበው እንኳን ክርክር ጩኸትም አይሰማም። ሁላችንም ግድግዳ ተጠግተን ቆምን።

በረዶው ጋብ እንዳለ ሰማሁት። ጡጥ፣ ጡጥ፣ ጡጥ! አጭር፣ ሦስት ጊዜ።

ጋሽ ደምሴ ከላይኛው መንገድ ነጠላቸው በጭቃ ተለውሶ ቁልቁል ይሮጣሉ። ይነፋሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ። «ወንዝ ዳር! ሰው አልሞተም! ባልዲና አካፋ ያዙ! ሰው አልሞተም!»

በሮች ተከፈቱ። ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም። አካፋ፣ ባልዲ፣ የእድሩ ገመድ፣ የድንኳኑ ቋሚ፣ ባዶ ጆንያ ብቻ ነው የሚታየው። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ሞልቶ ያጓራል። ከላይ የመጣው ጎርፍ የወይዘሮ እታገኝን ግንብ መታና በተከፈተው በር ዞሮ ወደ ቦዩ ገባ። ቦዩ ሊሞላ ሲል ሰው ተሰልፎ አፈር የሞላ ጆንያ እየተቀባበለ ጠርዙን ከፍ አደረገው። የወይዘሮ እታገኝን የአልጋ ቁራኛ እናት አራት ሰዎች በድንኳን ቋሚ ቃሬዛ አወጧቸው፤ ማንም አልጣላቸውም። ሰልፉ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ጆንያ የሚቀበለኝ ሰው ኮቱን አውልቋል፣ አንድ እግሩም ባዶ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ገምጋሚው ናቸው።

ውኃው እትዬ አስካለ ደጃፍ ደረጃ ላይ ደረሰና ቆመ። እንደ ቆመ ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወረደ። እልልታው ሲነሳ እኔ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው፣ አላፍርም።

ገምጋሚው ጭቃ የነካው ቅጻቸውን ከፍተው «ስንት ደቂቃ ፈጀ?» አሉኝ።

«ሰዓቴን አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉና ጻፉ። ፓምፑ የኮልፌ ሆነ። የጠፋው ጫማቸው ግን ብንፈልግ ብንፈልግ አልተገኘም፤ የጓድ ሽፈራውን ሸራ ጫማ ተውሰው ሄዱ።

እሑድ

ጋሽ ደምሴ ሻንጣዬን አንጠልጥለው እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሸኙኝ። መንገዱን በሙሉ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏቸዋል። ልጆች ከኋላችን «ሰው አልሞተም!» እያሉ ይሮጣሉ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ሃያ ዓመት ስነፋ፣ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ አንድ ሰው ይጎድል ነበር» አሉኝ። «ትናንት ቆሜ ቆጠርኳቸው ልጄ። ማንም አልጎደለም።»

በዚህ ጊዜ በመርካቶ በኩል በቀጥታ ተሳፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ደብረ ዘይት ገባሁ። አለቃዬ ሰኞ «ምን አስተማርሻቸው?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ሳስብ፣ ጥቅሌን አቅፌ ወደ ሰፈሬ ተራመድኩ። እኔ ያስተማርኩት ጥቂት ነው፤ የተማርኩትን የማሳይበት ጊዜ ግን በዚያችው መንገድ ላይ ጠበቀኝ።

ሰፈሬ መግቢያ ላይ የእኛ እድር ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባቸውን ከጎናቸው አድርገው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስንት ዓመት ሳያቸው መንገድ እየተሻገርኩ አልፌያለሁ! በዚያን ቀን ወደ እሳቸው ቀጥ ብዬ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ «እንዴት ዋሉ አባባ?» አልኳቸው።

ደንግጠው ብድግ አሉ። እጃቸው ወደ ጡሩምባቸው ሄደ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩና እጃቸውን ያዝኩ።